ለገና ፓንች የትኛው ይሻላል? ለሀዋሳ ቤት አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

በዓል ሲደርስ ሀዋሳ ውስጥ ወይን ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው መደርደሪያው ፊት ቆሞ ቢቀር አይፈረድበትም። ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሮዜ አለ። አንዱ ላይ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነው)፣ ሌላው ላይ ሚዲየም ስዊት፣ ሌላው ላይ ስዊት ይላል። ከዚያ ወጥቶ ፍራፍሬ ተራ ሲደርስ ደግሞ አናናሱም፣ ፓሽኑም፣ ዘይቱኑም ያስጎመጃል። በመጨረሻ ብዙው ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይገዛል፣ አንድ ባልዲ ውስጥ ይገለብጣል፣ ሁለት ስፕራይት ይጨምርበታል። የሚወጣው መጠጥ የምን እንደሆነ አይለይም። ስኳሩ ብቻ ነው የሚለየው።

እዚህ አምስት ዓይነት ፓንች፣ ማለትም ከፍራፍሬ ጋር የተደባለቀ መጠጥ፣ እናወዳድራለን፤ ቀይ ወይን፣ ነጭ ወይን፣ ትኩስ ወይን፣ የጠጅ ፓንችና ያለ አልኮል የሚሠራው። የመጠጥ ስም ካነሳሁ ዓይነቱን ለማሳየት ነው እንጂ ይህን ግዙ ለማለት አይደለም። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፓንች የሚመረጠው በእንግዳው ነው፤ ጠርሙሱ ቀጥሎ ይመጣል። ሀዋሳ ላይ በአንድ ሳሎን ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው የአክስት ልጅ፣ ሙስሊሙ ጎረቤትና መኪና ይዞ የመጣው የሥራ ባልደረባ አብረው ይቀመጣሉ። ግማሹ ሰው አልኮል የማይቀምስበት ግብዣ እዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ማን ይመጣል? ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። የሚጠጣ ስንት ነው፣ የማይጠጣ ስንት ነው፣ ልጅ ስንት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሂሳብ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠጣው? የታኅሣሥና የጥር ሀዋሳ ሁለት ዓይነት ናት። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ በረንዳ የተቀመጠ ሰው ሹራብ ይፈልጋል። ለቀኑ የሚሆነው ለማታው አይሆንም።

ፍሪጃችሁ ቦታ አለው? የበዓል ፍሪጅ በሥጋና በዶሮ የተጨናነቀ ነው። መብራትም እክል ሊገጥመው ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ መቀዝቀዝ ያለበትን ፓንች ከመምረጣችሁ በፊት ፍሪጁን ከፍታችሁ እዩ።

ከምን ጋር ይቀርባል? ዶሮ ወጥ ካለ ጠንከር ያለ አልኮልና ብዙ ጋዝ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ቀዝቀዝ፣ ጣፈጥ ያለው ያበርደዋል። ከሐይቁ ዓሣ ጋር ደግሞ ነጩና ኮምጠጥ ያለው ይሄዳል። የገና ዕለት ሌላም ነገር አለ። የነቢያትን ጾም የጾመ ሰው ሆዱ ገና ከሥጋና ከቅቤ ጋር እየተዋወቀ ነው። በባዶ ሆድ ፓንች አትጋብዙት። መጀመሪያ ይብላ።

ምን ያህል ጠንካራ ነው? ይህን ማስላት ቀላል ነው፤ የሚያሰላው ሰው ግን ጥቂት ነው። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 12 በመቶ አልኮል ካለው ውስጡ 90 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ጭማቂና አምቦ ጨምራችሁ አጠቃላዩን 1 ሊትር ተኩል ካደረሳችሁት ጥንካሬው 6 በመቶ ይሆናል። ከቢራ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። አንዳንድ ቤት «ይሙቅ» ተብሎ አረቄ ጠብ ይደረግበታል። እኔ አልስማማም። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፤ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። የፍራፍሬው ጣፋጭነት ደግሞ ይደብቀዋል። ጠጪው የሚያውቀው ለመነሳት ሲሞክር ነው።

ወጪውን የሚያከብደው ወይኑ ነው። ፍራፍሬው፣ ቅመሙና ስኳሩ ተደምረውም ብዙውን ጊዜ የጠርሙሶቹን ያህል አይሆኑም። ስለዚህ ማነጻጸር ያለባችሁ ከአንድ ጠርሙስ ስንት ብርጭቆ ይወጣል በሚለው ነው።

ቀይ ወይን፣ በፍራፍሬ ያደረ

የፈረንጁ ሳንግሪያ የሚባለው ይህ ነው። በስፔንና በፖርቱጋል የታወቀ መጠጥ ነው። የእኛ ቤት ስሪት ይህን ይመስላል፤ አንድ ጠርሙስ ድራይ ቀይ ወይን፣ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ በክብ የተቆረጠ አንድ ብርቱካን፣ የተከተፈ አንድ ፖም፣ የአናናስ ሩብ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ። ይህ ተደባልቆ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ይቆያል። ሊቀርብ ሲል ግማሽ ሊትር አምቦ ውሃ ይጨመርበታል። በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 7 ያህል ይወጣል።

ጥቅሙ ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቶ ማለቁ ነው። በበዓሉ ጠዋት ቡናው፣ ዶሮው፣ እንግዳው ሲደራረብ ይህ እፎይታ ነው። ፖሙ ወይኑን ይጠጣል፤ ጥርስ ስር ሲገባ ደስ ይላል። የጨንቻ ፖም ካገኛችሁ ጠንከር ያለውን ምረጡ። የለሰለሰው ሲያድር ይፈራርሳል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀይ ወይን አፍ የሚያደርቅ ነገር አለው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ይብስበታል። ስለዚህ በረዶ አታብዙበት፤ ቀዝቀዝ ማለቱ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የብርቱካኑ ነጭ ልጣጭ ሲያድር ይመራል። ክቦቹን ወይ ልጣጫቸውን አንስታችሁ አስገቡ፣ ወይ ጠዋት አውጥታችሁ ለመልኩ አዲስ ቆርጣችሁ ተኩ።

ድራይ ይሁን ስዊት? ለዚህ ፓንች ድራይ ይሁን። እንደ ጉደር ያለ ድራይ ቀይ በቂ ነው። ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ እያልን በምንጠራት ከተማ፣ ከሚመረቱት መካከልም ድራይ የሚሉ አሉ። እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን ከገዛችሁ ስኳሩንም ለስላሳውንም ተዉት፤ አምቦና ሎሚ ብቻ ጨምሩበት። ጣፋጭ ወይን በስፕራይት መበረዝ ስኳር ላይ ስኳር መጨመር ነው። ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር እንዳለው አትርሱ።

ውድ ወይን ለፓንች መግዛት አያስፈልግም። ረቂቅ ጣዕሙን አናናሱና ቀረፋው ይሸፍኑታል። ከፍታችሁ ቅመሱት ግን። ወደ ኮምጣጤ የሄደ ወይን በምንም ፍራፍሬ አይድንም።

ነጭ ወይን በአናናስና በፓሽን

ለሀዋሳ ቀን የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የሲዳማ አናናስ፣ በተለይ ከጩኮ በኩል የሚመጣው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጭማቂው ይበዛል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠርሙስ ድራይ ነጭ ወይን፣ ሁለት ብርጭቆ በወንፊት የተጠለለ የአናናስ ጭማቂ፣ የ4 ፓሽን ውስጥ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ እፍኝ ናና። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ ግማሽ ሊትር አምቦ። ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ 8 ብርጭቆ ያህል ይወጣል። ከአናናሱ ትንሽ በኩብ ቆርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ እንደ በረዶ ያገለግላል። ሲቀልጥም መጠጡን አያቀጥነውም።

አናናስ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንጎና አቮካዶ ቤት ገብተው ይበስላሉ። አናናስ ግን ከተቆረጠ በኋላ ቀለሙ ቢለወጥም ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ፍራፍሬ ተራ ላይ ሻጯ «የኔ እናት፣ ለዛሬ ነው ለነገ?» ብላ ትጠይቃለች። ለአቮካዶ ወርቅ ጥያቄ ነው። ለአናናስ ግን መልሱ ሁልጊዜ «ለዛሬ» ነው። አንስታችሁ ቂጡን አሽቱት። የሚሸት ከሆነ በስሏል። ምንም ካልሸተተ ጥሬ ነው፤ የኮመጠጠ ሽታ ካለው አልፎበታል። ቅጠሉ ሥር ሻጋታ መኖሩንም እዩ።

የማንጎ ጭማቂ ከወደዳችሁ በአናናሱ ፋንታ ማድረግ ይቻላል፤ ወፍራም ስለሆነ ግን መጠኑን በግማሽ ቀንሱት። ማንጎ የሚበዛው ከገና ይልቅ ወደ ፋሲካና ከዚያ በኋላ ነው። ዘይቱን ሽታው ግሩም ነው፣ ፍሬው ግን ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ፈጭታችሁ አጥልሉት። ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶን ከማንኛውም ፓንች አርቁ። ሙዝ ይጠቁራል፤ ፓፓያ ይላቁጣል። አቮካዶማ የጁስ ቤት ጉዳይ ነው። ስፕሪስና ፓንች አይምታታብን።

የነጩ ድካም በቀዝቃዛነቱ መኖሩ ነው። ከሞቀ ለብ ያለ ጭማቂ ይሆናል። መብራት ያስቸግራል ብላችሁ ከሠጋችሁ ከሁለት ቀን በፊት የታሸገ የግማሽ ሊትር ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ሲቀዘቅዝ ውሃው ስለሚሰፋ ከጠርሙሱ ትንሽ አጉድሉለት። በበዓሉ ቀን ጠርሙሱን ከውጭ በደንብ አጥባችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ እንዳለ ፓንቹ ውስጥ አስቀምጡት። ያቀዘቅዛል፣ አይበርዝም። ከመንገድ ከሚገዛ በረዶም ይሻላል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ትኩስ ወይን

ብርድ ባለበት አውሮፓ የገና ሰሞን መጠጥ ነው። እዚህ ደግሞ የማታ ነው፤ በተለይ ለገና ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ለፈሰከ ሰው፣ ወይም ለበረንዳ ጨዋታ። በቀን ለማቅረብ አታስቡ። ከቡናም ጋር አታጋፉት። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሌላ ትኩስ ነገር ማን ይነካል?

በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቡና ሲኒ ስኳር፣ 2 እንጨት ቀረፋ፣ 4 ወይም 5 ቅርንፉድ፣ የ2 ኮረሪማ ፍሬ ጎርደድ ጎርደድ አድርጋችሁና የአንድ ብርቱካን ቢጫ ልጣጭ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ አፍሉ። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አክሉ። ከዚህ በኋላ መፍላት የለበትም። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አልኮል ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ እንኳ በ78 ዲግሪ ይፈላል። እንፋሎት ሲያወጣ፣ ድስቱ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን አረፋ ብቅ ሲል አውርዱት። ቢፈላ አልኮሉም መዓዛውም ይተናል፤ የሚቀረው ጎምዛዛ ሽሮፕ ነው።

ቅመሙ ያልተፈጨ ይሁን። የተፈጨ ቀረፋ ያደፈርሰዋል፤ ታች ይዘቅጥና የመጨረሻው ጠጪ ጭቃ ይደርሰዋል። ቅርንፉድም አይብዛ። 10 ከሞላ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ኮረሪማው የእኛ መለያ ነው፤ የፈረንጁ አሠራር ውስጥ የለም፣ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ግን ይስማማል። ሩቅ አትሂዱ፤ ደቡቡ የኮረሪማ አገር ነው።

ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን። ወይንና ሎሚ አሲድ ስላላቸው አሉሚኒየሙን ይበሉታል፤ መጠጡ ብረት ብረት ይላል። ስቴይንለስ ወይም ያልተላጠ ኤናሜል ይሻላል። ለቀዝቃዛዎቹም ቢሆን መስታወት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ቀለም ወይም ዲተርጀንት የነበረበት ባልዲ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም።

ከሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ 9 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በ150 ሚሊ ሊትር ኩባያ ይቀዳ፤ ከአንድ ጠርሙስ 6 ያህል ይወጣል። ለአንድ ሰው የሚወጣው ገንዘብም ከፍ ይላል። ቴርሞስ ውስጥ ካስገባችሁት ግን ምሽቱን ሙሉ ይቆያል። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከሰልም ላይ ይሠራል። መብራት በጠፋበት ምሽት ይህን የሚያህል የለም።

የጠጅ ፓንች

ጠጅ እያለ ወይን ለምን? ብሎ የሚከራከር አጎት በየቤቱ አለ። ግማሽ እውነት አለው። አንድ ሊትር ጠጅ፣ ግማሽ ሊትር የአናናስ ጭማቂ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አውራ ጣት የምታህል የተፈገፈገች ዝንጅብል፣ ግማሽ ሊትር አምቦ። 10 ብርጭቆ ይወጣል። የጌሾው ምሬት ከአናናሱ ጋር የሚገርም ስምምነት አለው። ስኳር አትጨምሩ።

ችግሩ ጠጁ ራሱ ነው። የደረሰው ጠንካራ ነው፤ ለጋው ቀላል ነው፤ በማር ተጥሎ ይሁን በስኳር በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ጥንካሬውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የምታውቁት ሰው የጣለው ጠጅ ካላችሁ ግቡበት። ከማታውቁት ቤት ከሆነ ቀይ ወይን ይሻላል፤ ቢያንስ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጠጅ ውስጥ ያለው እርሾ አልሞተም። አዲስ የፍራፍሬ ስኳር ሲያገኝ እንደገና መሥራት ይጀምራል፤ ጋዝ ያወጣል። የጠጅ ፓንች ተርፏል ብላችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ አጥብቃችሁ ብትዘጉት ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑን አላልታችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ በማግሥቱ ጨርሱ።

ያለ አልኮል

ብዙ ቤት ለማይጠጣው ሰው ሚሪንዳ ይቀዳለታል። ሌላው በሚያምር ብርጭቆ ፍራፍሬ የተንሳፈፈበት ነገር ይዞ፣ እሱ በጠርሙስ። ይህ ደስ አይልም። በተለይ ግማሹ እንግዳ የማይጠጣ ከሆነ ይሄኛው ዋናው ፓንች መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ከርከዴ ነው። ቀለሙ የወይን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ እንደ ቀይ ወይን አፍ ላይ የመያዝ ነገርም አለው። አንድ ብርጭቆ የደረቀ ከርከዴ በ2 ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ጨምሩ፤ ዝንጅብልና ቀረፋ ይግባበት። 10 ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ አጥልሉ። በትኩሱ ማር ወይም ስኳር አቅልጡበት፤ ስኳር በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታች ተቀምጦ ይቀራል። ሲበርድ አናናስና ብርቱካን፣ ሲቀርብ አምቦ። ከ12 ብርጭቆ በላይ ይወጣል፤ ዋጋውም ከሁሉ ዝቅ ያለ ነው።

ነፍሰ ጡር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ እንግዳ ካለ ከርከዴውን ትታችሁ በአናናስ፣ በሎሚና በዝንጅብል ሥሩት። ያልፈላ ብርዝ በሎሚና በአምቦም ግሩም ነው፤ ብርዝ ሲቆይ አልኮል እንደሚያበጅ ግን አትዘንጉ። የዕለቱ ይሁን።

በአንድ ዓይን

| ዓይነት | ጥንካሬ (በግምት) | የሚወጣው መጠን | የሚወስደው ጊዜ | ፍሪጅ | ወጪ በብርጭቆ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቀይ ወይን | 6 በመቶ | ከአንድ ጠርሙስ 7 ብርጭቆ | ከ4 ሰዓት እስከ ሌሊት | ያስፈልጋል | መካከለኛ | ከሰዓትና ማታ፣ ቀድሞ ማለቅ ለሚፈልግ |
| ነጭ ወይን | 5 በመቶ | ከአንድ ጠርሙስ 8 ብርጭቆ | ከ1 እስከ 2 ሰዓት | የግድ ነው | መካከለኛ | የቀን ግብዣ፣ ዓሣ፣ ሙቀት |
| ትኩስ ወይን | 9 በመቶ | ከአንድ ጠርሙስ 6 ኩባያ | ግማሽ ሰዓት | አያስፈልግም | ከፍተኛ | ማታ፣ ጥቂት ሰው፣ መብራት ሲጠፋ |
| ጠጅ | ይለያያል፤ 5 በመቶ አካባቢ | ከአንድ ሊትር ጠጅ 10 ብርጭቆ | 1 ሰዓት | ይመረጣል | እንደ ጠጁ | የታወቀ ጠጅ ላለው ቤት |
| ከርከዴ | የለውም | ከ2 ሊትር ውሃ ከ12 ብርጭቆ በላይ | ከ2 እስከ 3 ሰዓት (መብረጃውን ጨምሮ) | ያስፈልጋል | ዝቅተኛ | ለሁሉም |

ታዲያ የእናንተ የትኛው ነው?

እንግዳው ድብልቅ ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው የሀዋሳ ቤት ማለት ነው፣ ሁለት ዕቃ አቅርቡ። አንዱ ከርከዴ፣ አንዱ ነጭ ወይን። ነጭ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀይ ወይንና ከርከዴ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ማንም አይለያቸውም። ልጅ ሮጦ መጥቶ ከተሳሳተው ይቀዳል፤ አልኮል በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ እንግዳም እንዲሁ። ቀለሙ ከተለየ ማስጠንቀቂያ ወረቀትም አያስፈልግም። ወይኑን ደግሞ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና አንድ ትልቅ ሰው በጭልፋ ይቅዳ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። ቤት ውስጥ ሽያጭ ባይኖርም ለጎረምሶቹ «ትንሽ ቅመሱ» የሚለው ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ቁጥሩን እንይ። 20 ሰው ጠራችሁ እንበል፤ 12ቱ ይጠጣሉ፣ 8ቱ አይጠጡም። የሚጠጡት ለያንዳንዳቸው 2 ብርጭቆ ቢደርሳቸው 24 ብርጭቆ ነው። ነጭ ከሆነ 3 ጠርሙስ ይበቃል። ቀይ ከሆነ 4 ግዙ፤ ትንሽ ይተርፋል። ከርከዴው ግን 6 ሊትር ይሁን፤ የሚጠጡትም በመሃል ስለሚቀዱ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

እጅ ካጠረ ወይኑን በግማሽ ቀንሱ፣ ከርከዴውን እጥፍ አድርጉ። ርካሽ ወይን በብዙ ከመግዛት ይህ ይሻላል። ፍራፍሬውም ሁለት ዓይነት ብቻ ይሁን፤ አናናስና ሎሚ። ብርቱካን ሰሞኑን ውድ ከሆነ ተዉት፤ የሎሚ ልጣጭ ሥራውን ይሠራል። ገንዘብ ካለ ደግሞ የተሻለ ወይን ከመግዛት ተጨማሪ አናናስና ፓሽን ግዙ። ልዩነቱ ምላስ ላይ የሚታየው እዚያ ነው።

ለጥቂት ሰው የማታ ጨዋታ፣ 5 ወይም 6 ሆናችሁ፣ ትኩስ ወይን በቂ ነው። ለዶሮ ወጥ ገበታ ቀይ ፓንች ይሁን፤ አምቦው ግን ይቀነስና ጭማቂው ይጨመር። ለጥምቀት ከሰዓት፣ ከፀሐይ የገባ ሰው ሲበዛ፣ ነጭ ወይም ከርከዴ። ለገብርኤል፣ ታኅሣሥ 19፣ ከሌላ ከተማ እንግዳ የሚመጣበት ቤት ደግሞ ጾም ላይ ስለሆነ ያለ አልኮሉ ነው የሚሻለው።

መኪናም ሆነ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ካለ ገና ሲገባ ከርከዴውን አስይዙት። አንዴ ሌላውን ከጀመረ «አንድ ብቻ» ማለቱ አይቀርም።

የተረፈውን በተመለከተ፤ ፍራፍሬውን በወንፊት አውጡና ፈሳሹን ብቻ ፍሪጅ አስገቡ። ፍራፍሬው ውስጥ ካደረ ይሟሟል፣ ይመራል። የወይኑ ፓንች እስከ ማግሥቱ ማታ ይቆያል፤ አምቦው ስለሚሞት ሲቀርብ አዲስ ጨምሩበት። ያወጣችሁት ፖምና አናናስ ጥሩ መስሎ ቢታይም አልኮል የጠጣ ነው። ለልጆች አይሰጥም።